ለደንበኞቻችን፦ የመብራት መስመራችሁን አጥፍተን የምንፈትሽበት ምክንያት

በሐዋሳ ከተማና በአካባቢዋ ለምትገኙ የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

የቤት መብራት መስመር ስንፈትሽ ባለሙያዎቻችን ኤሌክትሪኩን ለረጅም ሰዓት አጥፍተው አምፖሎቹን መፍታታቸውና የማብሪያ ማጥፊያዎቹን ክዳን መክፈታቸው ብዙዎቻችሁን እንደሚያስቸግር እናውቃለን። «አምፖሉ እየበራ ምን ይፈተሻል?» የሚለው ጥያቄያችሁ ተገቢ በመሆኑ ሥራውን በዚህ ደብዳቤ ልናስረዳችሁ ወደድን።

አምፖል መብራቱ ብቻውን መስመሩ ጤነኛ መሆኑን አያረጋግጥም። ባለ 10 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ከ220 ቮልት መስመር የሚወስደው 0.05 አምፔር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ኮርኒስ ውስጥ ተጠምዞ በናስትሮ የተጠቀለለ የላላ መገጣጠሚያ 3 ኦም ሬዚስታንስ (የኤሌክትሪክን መፍሰስ የሚያግድ ባሕርይ፤ መለኪያው ኦም ነው) ቢፈጥር እንኳ አምፖሉ እንደ ወትሮው ይበራል። ከዚያው መስመር ሶኬት ተቀጥሎ ባለ 1500 ዋት ካውያ የተሰካ ዕለት ግን በዚያች መገጣጠሚያ ላይ ከ100 ዋት በላይ ሙቀት ይፈጠራል። ይህ ሙቀት የሚፈጠረው ማንም በማያየው ቦታ፣ በኮርኒሱ እንጨትና አቧራ መካከል ነው።

ፍተሻው ብሬከሩን በማውረድና መስመሩ ኤሌክትሪክ እንደሌለው በቴስተር በማረጋገጥ ይጀመራል። እዚህ ላይ አጥብቀን የምናሳስባችሁ ነገር አለ፦ መብራት በጠፋበት ሰዓት ብሬከሩን ሳታወርዱ ሽቦ አትንኩ፤ የጠፋ መብራት ሳይታሰብ ይመጣል፤ ጄነሬተር ወይም ኢንቬርተር ባለበት ቤት ደግሞ አደጋው ይብሳል።

ከዚያም ፌዙን (ኤሌክትሪኩን የሚያመጣውን ሽቦ) ከብሬከሩ ፈትተን ከኧርዝ ሽቦው (ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት ከሚወስደው) ጋር ለጊዜው እናገናኝና በእያንዳንዱ አምፖል ቦታ በሁለቱ መካከል ያለውን ሬዚስታንስ እንለካለን። ለመብራት የሚዘረጋው ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ በአንድ ሜትር 0.012 ኦም ያህል ስላለው፣ 20 ሜትር ርቆ ያለ አምፖል ላይ ሄዶ መልሱ ግማሽ ኦም ገደማ መነበብ አለበት። ንባቡ ከቅርቡ ወደ ሩቁ ቀስ እያለ ካደገ ጥሩ ነው፤ በድንገት ከዘለለ በመካከል የተበላሸ መገጣጠሚያ አለ። በመልቲሜትር ጩኸት ብቻ የማንረካውም ለዚህ ነው፤ ብዙዎቹ መሣሪያዎች በመስመሩ ላይ በርካታ ኦም እያለም ስለሚጮኹ እኛ ቁጥሩን እናነባለን፤ የመለኪያ ገመዶቹን የራሳቸውን ሬዚስታንስም አስቀድመን እንቀንሳለን።

ይኸው ልኬት ሌላም ነገር ይነግረናል። ማብሪያ ማጥፊያው ሲጠፋ ንባቡም መጥፋት አለበት፤ ካልጠፋ ማብሪያ ማጥፊያው በፌዙ ፈንታ ኒውትራሉ (ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት ሽቦ) ላይ ተገጥሟል ማለት ነው፤ በእንዲህ ያለ ቤት አጥፍቶ አምፖል የሚቀይር ሰው 220 ቮልት ሊነካ ይችላል። ከታችም ከላይም የሚበሩ የደረጃ መብራቶችን በሁሉም አቅጣጫ እንሞክራለን። ኒውትራሉም ለብቻው ይለካል።

የኧርዝ ሽቦውን ችላ እንድንል የሚጠይቁን ደንበኞች አሉ፤ በዚህ ግን አንስማማም። ፌዝ የብረት አካል ያለውን መብራት ቢነካና በኧርዝ ሽቦው በኩል ያለው መመለሻ መንገድ 10 ኦም ቢኖረው፣ የሚፈሰው 22 አምፔር ብቻ ይሆናል፤ ባለ 10 አምፔር ብሬከር በቅጽበት እንዲወርድ ግን እንደ ዓይነቱ ከዚህ በላይ፣ ብዙ ጊዜ 50 አምፔርና ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል። ብሬከሩ እስኪወርድ ድረስ ብረቱ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። በሐይቁ ዳር ባሉ ቤቶችና ዝናብ በሚያገኛቸው የውጭ መብራቶች ላይ እርጥበት መገጣጠሚያዎቹን ስለሚበላ፣ እነዚህን ደጋግመን ማየት እንመርጣለን።

ከመምጣታችን በፊት በመብራት መስመሩ ላይ የተቀጠለ ሶኬት ካለ ንገሩን፤ ፍሪጅና ኮምፒውተርም ነቅላችሁ ጠብቁን። ስንጨርስ የየአምፖሉ ንባብ የተጻፈበት ወረቀት እንሰጣችኋለን፤ ወደፊት የሚመጣ ባለሙያ፣ የእኛም ይሁን የሌላ ድርጅት፣ አዲሱን ንባብ ከዚህ ጋር ማነጻጸር እንዲችል ወረቀቱን ከብሬከር ሳጥኑ አጠገብ አኑሩት።

ከአክብሮት ጋር
የድርጅቱ የቴክኒክ ክፍል፣ ሐዋሳ