ልዋጭ! የፊልምና ቴአትር ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የክበብ ዘገባ ብዙ ጊዜ «ክበባችን በዘንድሮው ዓመት የሚከተሉትን ተግባራት አከናውኗል» ብሎ ይጀምራል። ያንን በሦስት ገጽ ጽፌ ለቢሮ አስገብቻለሁ። የሚፈልግ እዚያ ያንብበው። እዚህ የማወራው ስለ አንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ ጆግ ነው።

አጭር አጭሩን አስቀድሜ ልጨርስ። መስከረም ላይ 41 ተማሪ ተመዘገበ። ጥቅምት ሲጋመስ 19 ቀረን። በሰንደቅ ዓላማ ቀን ድራማ አቀረብን፤ ማይኩ ስላልሠራ ከፊት ከቆሙት በቀር የሰማን የለም። ኅዳር ላይ ያሰብነው የግጥም ምሽት በፈተና ምክንያት ቀረ። እኔ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ክበቡን የያዝኩት ሌላ የሚይዘው ስለጠፋ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ታኅሣሥ ላይ ነው። አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ዘንድሮ ሆረር እንሥራ» አለች። ሳቅሁ። ካዝናችን ውስጥ ያለው 2,300 ብር ነው። «በ2,300 ብር የሚያስፈራው ራሱ ብሩ ነው» አልኳት።

እሷ ግን ተዘጋጅታ ነው የመጣችው። በትንሽ ብር የተሠራ የአየርላንድ ፊልም በስልኳ አይታለች። አንዲት እናት ልጇን ታያለች። መልኩ የልጇ ነው፣ ልብሱም የልጇ ነው፣ ግን ልጇ አይደለም። ይኸው ነው ታሪኩ።

አየርላንዶች ዘንድ ይህ የቆየ እምነት ነው። በዓይን የማይታዩ ፍጥረቶች ጤነኛውን ሕፃን ይሰርቁና የራሳቸውን በሽተኛ፣ አንዳንዴም የጃጀ ሽማግሌ፣ በሕፃን መልክ አስተኝተው ይሄዳሉ ይባላል። የተለወጠው ልጅ ሌት ተቀን ያለቅሳል። ይበላል፣ ግን አያድግም። እሱን ለማጋለጥ እናትየው በእንቁላል ቅርፊት ውስጥ ጠላ ትጠምቃለች። «ሕፃኑ» ይህን ሲያይ መቻል ያቅተዋል፤ ይህን ሁሉ ዘመን ስኖር እንዲህ ያለ ጠመቃ አይቼ አላውቅም ብሎ ይናገራል። ተያዘ ማለት ነው። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። አንዱ «ጌሾውን የት ነው የሚከቱት?» አለ።

ሳቁ የቆመው መከላከያው ላይ ስንደርስ ነው። ሕፃኑ እንዳይሰረቅ አልጋው ላይ የብረት መቆንጠጫ ያስቀምጣሉ። «ብረት?» አለ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ። «እናቴ አራስ ሳለች ከትራሷ ሥር ቢላ ነበረ!» ከዚያ ማን ያቁማቸው። የአንዱ አክስት ከአራስ ቤት ስትወጣ ብረት ይዛ ነው። የሌላዋ አያት ለሕፃኑ ክታብ አሠርተዋል። ሕፃናት ስለምትገድለው ስለ ወርዝልያና በጦር ስለወጋት ስለ ቅዱስ ሱስንዮስ የሰማም ተገኘ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የየራሱን አወራ። ወሎ ነዋ፤ አራስ ቤት ላይ ሲደርስ የሁሉም አያት አንድ ናት።

ርዕሱን ያመጣው አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ነው። ክበቡ ውስጥ ሲናገር ስሰማው ሁለተኛ ጊዜዬ ይመስለኛል። «ልዋጭ ይባል» አለ። ፕላስቲኩን ተሸክሞ «ልዋጭ! ልዋጭ!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረውን፣ አሮጌ ልብስና ጫማ ተቀብሎ ሳፋና ጆግ የሚሰጠውን ሰውዬ ማለቱ ነው። በልጅነቱ «ለልዋጩ ነው የምሰጥህ» ያልተባለ ደሴ ውስጥ አለ?

ታሪኩ በአንድ ሳምንት አለቀ። ጠዋት ነው፣ ጉም ነው። እናት አራስ ናት። የ12 ዓመት ልጇ በር ላይ ልዋጩን ታገኛለች። ሰማያዊ ጆግ ያምራታል። የምትሰጠው አሮጌ ልብስ ስታጣ የሕፃኑን ማቀፊያ ትሰጠዋለች። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ሕፃኑ አያለቅስም። እነሱ ጋ የተለወጠው ልጅ ማልቀስ አያቆምም፤ የኛው ዝም አለ። ዝም ያለ ሕፃን ይበልጥ ያስፈራል። ለበጀትም ይመቻል።

ስክሪፕቱ ውስጥ አንድ ነገር ዓይኔን ያዘው። እናትየው ከ12 ዓመቷ ልጅ በኋላ ሁለት ልጆች ሞተውባታል። ልጆቹ የጻፉት ለማሳዘን ነው። እኔ ግን በባዮሎጂ ዓይኔ ሳየው ሾተላይ ነው። የእናት ደም አር ኤች ኔጌቲቭ (አር ኤች የሚባለው ፕሮቲን የሌለበት)፣ የልጁ ፖዘቲቭ (ያለበት) ሲሆን የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በደኅና ይወለዳል። የእናት ሰውነት ግን የልጁን ደም እንደ ባዕድ ያይና መከላከያ ይሠራል፤ ያ መከላከያ ተከታዩን ልጅ ያጠቃል። ይህን ለመከላከል በወለደች በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ መርፌ አለ። ድሮ ይህ ሁሉ በመንፈስ ነበር የሚሳበበው። አንድ ሙሉ የክበብ ሰዓት በዚህ አለቀብኝ። «ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?» አሉኝ። ታዲያ አራተኛው ልጅ እንዴት በሕይወት ተወለደ? ራሱ ኔጌቲቭ ከሆነ ይቻላል። ፊልሙ ይህን አይናገርም፤ እኔ ግን ካልተናገርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

የመጀመሪያው ስክሪፕት መጨረሻ ላይ እህትየው ሕፃኑን ወደ ምድጃ ታስጠጋዋለች። ከአየርላንዱ ተረት ነው የወሰዱት፤ እዚያ የተለወጠውን በእሳት ካስፈራሩት እውነተኛው ይመለሳል ይባላል። ይህን ሳነብ የማውቀውን ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1895፣ ከዓድዋ ድል አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ቲፐሬሪ በሚባል የአየርላንድ አውራጃ ብሪጅት ክሊሪ የምትባል የ26 ዓመት ሴት ታመመች። ባሏ ይቺ ሚስቴ አይደለችም፣ ተለውጣለች አለ። ዘመድና ጎረቤት እያየ አሠቃያት፤ በመጨረሻ በእሳት ሞተች። 20 ዓመት ተፈርዶበት 15 ዓመት ታስሮ ወጣ።

የሳቀ የለም። የሆረሩን ሐሳብ ያመጣችው ልጅ «የኔ ወንድም አይናገርም» አለች። «6 ዓመቱ ነው። ሰፈራችን ውስጥ አንዲት ሴትዮ ይሄ ልጅ ተለውጦ ነው ትላለች።» ሌላ ነገር አልጨመረችም። የምድጃውን ገጽ ገነጠለችና አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው። ሦስት ዓመት አስተምሬያታለሁ፤ ወንድም እንዳላት እንኳ አላውቅም ነበር።

አዲሱን መጨረሻ የጻፈችው እሷው ናት። እህትየው ዝም ያለውን ሕፃን ታቅፋ ቁጭ ትላለች። ስም ገና አልወጣለትም። «ምትኬ» ትለዋለች። ምትኬ፣ ምትኩ፣ ካሳ፣ ማስረሻ፤ በሞተ ልጅ ላይ የተወለደ የሚጠራባቸው ስሞች ናቸው። ከ19ኙ የክበቡ አባላት መካከል ራሱ ሁለት አሉ። አንደኛው «እኔም እኮ ልዋጭ ነኝ» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ትንሽ ዘግይቶ ነው የመጣው።

መጋቢት ላይ መቅረጽ ጀመርን። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም በነፃ ነው፤ ሲፈልግ ግን ይቀራል። ሁለት ቅዳሜ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለን ጠብቀነው ተመለስን። የቀረጽነው በስልክ ነው። መስኮቱ ላይ ነጠላ ስንዘረጋ ብርሃኑ ለሰለሰ። ሌላ ስልክ ትራስ ሥር ደብቀን ድምፅ ያዝን። ሕፃኑ በጋቢ የተጠቀለለ ሦስት ኪሎ ዱቄት ነው። ቀረጻው ሲያልቅ ጋግረን በላነው።

ልጆቹ የልዋጩን ፊት በሜካፕ ሊያስፈሩበት ፈልገው ነበር። እምቢ አልኩ። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ፣ ጫካ ውስጥ በእጅ ካሜራ የተቀረጸ የአሜሪካ ፊልም አለ፤ ጠንቋይዋ አንድም ጊዜ አትታይም፣ ገቢው ግን ከ240 ሚሊዮን ዶላር አለፈ። እና የኛ ልዋጭ ከኋላ ብቻ ነው የሚታየው፤ ሳፋ፣ ወንፊት፣ ጆግ፣ ከሥራቸው ሁለት እግር። ችግሩ ሌላ ነበር። ተዋናያችን ሸዋ በር ሰፈር ውስጥ «ልዋጭ!» ሲል እውነተኛ ደንበኛ መጣበት። አንዲት እናት ኮትና ሁለት ጫማ ይዘው ወጥተው በጆጉ ተከራከሩት። «የፊልም ነው እማማ» ቢላቸው «ፊልምም ይሁን፣ ጫማው ደኅና ነው» አሉት። እኛ ደርሰን ባንገላግለው ጆጉን ሰጥቷቸው ነበር።

ቤቱን የሰጡን የአንዷ ተማሪ አያት ናቸው። መጀመሪያ ላይ ጥግ ይዘው፣ ቡና እያፈሉ ዝም ብለው ያዩን ነበር። ሦስተኛው ቀረጻ ላይ ግን ብድግ አሉ። «ቢላው ከእግሯ ሥር ምን ይሠራል? እኔ ሰባት ወልጄ እዚህ ተቀምጬ አትጠይቁኝም?» ከዚያ ወዲያ ቢላው ትራስ ሥር ገባ። እሳቸውም ፊልሙ ውስጥ ገቡ። ከሁሉም በደንብ የሠሩት እሳቸው ናቸው፤ ልጆቹ ቅር እንዳይላቸው።

ግንቦት ላይ በአዳራሹ አሳየን። 17 ደቂቃ ነው። የስፒከሩ ገመድ አጭር ስለሆነ ስፒከሩን ከኋላ በር አጠገብ፣ ሶኬቱ ጋ አስቀመጥነው። እኔ ተናድጄ ነበር፤ ምስሉ ከፊት፣ ድምፁ ከኋላ! ጉሙ ውስጥ ማንም የማይታይበት ቦታ ላይ «ልዋጭ!» የሚለው ድምፅ ከተመልካቹ ጀርባ መጣ። አዳራሹ ሙሉ ባንዴ ዞረ። ሁለት መምህራን መጮኻቸውን አይቻለሁ፤ ስማቸውን አልጽፍም። የሆረሩን ሐሳብ ያመጣችው ልጅ ወንድም፣ የማይናገረው፣ እናቱ ጭን ላይ ነበር። እሱ አልዞረም። ስክሪኑ ላይ ያለውን ጋቢ እያየ በጣቱ ያመለክት ነበር።

ወጪያችን፦ ሜሞሪ ካርድ 950 ብር፣ ባጃጅ 700፣ ዱቄት 330፣ ጆግ 150። ቀሪ 170 ብር ለቢሮ ተመልሷል። ጆጉ መምህራን ማረፊያ ውስጥ መስኮቱ ላይ ነው ያለው። በክረምቱ ውሃ በጠፋባቸው ቀናት እንኳ ማንም ሊቀዳበት አልፈለገም።