ልጄ፣ መብራቷ ከበራች አጥፊ

ልጄ እንዴት ነሽ፣ ስራ እንዴት ነው? ትናንት አክስትሽ ደውላ ቮልሷ ዘይት እየጣለች እንደሆነ፣ አንቺም እየጨመርሽ እንደምትነጂ ስትነግረኝ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለኔ ያልነገርሽኝ እንዳልቆጣ ብለሽ ነው አይደል? ተቆጥቻለሁ። አሁን ስሚኝ፣ የዘይት መብራቷ ከበራች ሞተሩን ወዲያው አጥፊ። ከኋላሽ ያለው ባጃጅ ክላክስ ቢያደነቁርሽም ዳር ይዘሽ አጥፊ።

ሌላው መኪና አራት ሊትር ምናምን ይይዛል፣ ቮልስ የምትይዘው 2.5 ሊትር ብቻ ነው፣ ፊልትሮ የላትም ወንፊት ብቻ ነው ያላት፣ ውሃም ስለሌላት ከአየሩ ጋር ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ራሱ ዘይቱ ነው። አንድ ሊትር ከጠፋ ምን እንደሚቀር አስቢው። ጠዋት ሳታስነሺ፣ ሜዳ ላይ እንዳለች የዘይት መለኪያ ዘንጓን፣ ዲፕስቲኩን እዪ። ቁርስስ እየበላሽ ነው? አክስትሽ ከስተሻል ብላኛለች።

መካኒኩ ሲሊኮን ልቀባው ካለ እምቢ በይ፣ የተረፈው ወደ ውስጥ ገብቶ ወንፊቱን ይደፍናል። መጀመሪያ ሞተሩ በነጭ ጋዝ ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ ትንሽ ተነድቶ ከስር ይታይ። ከየት እንደሚወጣ ሳይታወቅ ሲል (ዘይቱን የሚያሽገውን ጎማ) መቀየር ብር መድፋት ነው። ከቫልቭ ክዳኑ ከሆነ ቀላል ነው፣ ሽቦዋን በካቻቢቴ ወደታች ገፋ አድርጎ ይከፍተዋል፣ አዲሱ ማሸጊያ ጋስኬት ግን ክዳኑ ላይ ብቻ ይለጠፍ፣ በቴስታታው (በሞተሩ ራስ) በኩል ማስቲሽ አይነካውም። ከስር ካሉት ስምንት ቀጫጭን ቱቦዎች ከሆነ ቴስታታው ይወርዳል፣ ያኔ 16ቱም ሲል አንዴ ይቀየር፣ አሮጌዎቹ ቱቦዎች ተጨምቀው ስለሚያጥሩ እስከ 190 ሚሊሜትር ቀስ ብሎ ይሳባቸው፣ የብየዳ መስመራቸው ወደ ላይ ይሁን።

ከሞተሩና ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) መሃል ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ የቮላኖው (የሞተሩ ጫፍ ላይ ያለው ከባድ የብረት ዲስክ) ሲል ነው፣ ፍሪሲዮኑንም ያበላሽብሻል፣ ሞተሩ መውረዱ አይቀርም። ሲሉን ቀይሮ ብቻ የሚገጥም መካኒክ እንዳታምኚ። የክራንኩ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ወደፊትና ወደኋላ ጨዋታ ተለክቶ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊሜትር መሆን አለበት፣ ሶስቱ ስስ ቀለበቶች የሚገቡት ለዚህ ነው።

አያትሽ ቮላኖውን ይዞ ገፋ ሳብ ሲያደርገው በእጁ ብቻ ያውቀው ነበር። ካመመው በኋላ እንኳን "ና አብረን እንክፈታትና ላሳይህ" ይለኝ ነበር፣ እኔ ስራ ስራ ስል ቀረ፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ልጅ ሆኜ ከደሴ ስንመለስ ከደብረሲና ወደ ጣርማበር ሽቅብ ስንወጣ መብራቷ በራች። መሽቷል፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ እናቴ "ዋሻውን ብቻ እንለፍ" ብላ ለመነችው። አጠፋት። ጋቢውን ለኛ አልብሶ እሱ በኮት ብቻ አደረ፣ ሲነጋ ከጭነት መኪና ሹፌር ዘይት ለምኖ ሞልቶ፣ በየመንደሩ እየቆመ እየለካ አዲስ አበባ አስገባን። አንቺ ዛሬ የምትነጂው ያንን ሞተር ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ሞተሩ ያኔውኑ ተጣብቆ ነክሶ ቀርቶ ነበር።

ስለዚህ ልጄ መብራቷ ከበራች አጥፊ፣ ለታክሲ ብር ከሌለሽ እኔ እልካለሁ። ሙሉ የሲል ኪቱን ነገ መርካቶ ወርጄ እገዛና በሰው እልክልሻለሁ፣ እስኪደርስሽ ማንም እንዳይፈታት። ለገና በሷ እመጣለሁ ያልሽውን እርሺው፣ በአውቶቡስ ነይ፣ ቲኬቱን እኔ እከፍላለሁ።

አባትሽ