ኤልዛቤት ኮተን የጊታራቸውን ክር አልቀየሩም

ለክቡር አዘጋጁ፣

በመዝናኛ ገጻችሁ ስለ አሜሪካ የጊታር ዘፋኞች ያወጣችሁት ጽሑፍ ኤልዛቤት ኮተን ግራኝ በመሆናቸው የጊታሩን ክሮች አቀያይረው ይጫወቱ እንደነበር ይገልጻል። አልቀየሩም። ጊታሩን ገልብጠው ያዙት እንጂ ክሮቹን ከነቦታቸው ተዉአቸው። ጉዳዩ ጥቃቅን ቢመስልም የእኚህ ሴት ሙዚቃ የቆመው በዚሁ ላይ ስለሆነ መታረም አለበት።

በተለመደው አያያዝ ወፍራሙ ስድስተኛ ክር ከላይ በተጫዋቹ ፊት በኩል፣ ቀጭኑ አንደኛ ክር ከታች በጉልበቱ በኩል ይውላል። አውራ ጣት ባሱን (ወፍራሙን ድምፅ) ይመታል፤ ሌባ ጣትና የመሃል ጣት ዜማውን ይይዛሉ። ግራኝ የሆነ ሰው ክሮቹን ፈትቶ በተቃራኒው ቢያስር ይኸው የሥራ ክፍፍል እንዳለ ይቀጥላል፤ የሚለወጠው እጁ ብቻ ነው። ኮተን ግን ክሩን ሳይነኩ ቀኝ እጃቸውን በአንገቱ ላይ፣ ግራቸውን በቀዳዳው በኩል አደረጉ። ያኔ ወፍራሞቹ ክሮች ወደ ታች ወረዱ፣ ቀጭኖቹ ላይ ወጡ። ባሱን ሌባ ጣታቸው ከታች ወደ ላይ ይስበዋል፤ ዜማውን አውራ ጣታቸው ከላይ ወደ ታች ይመታዋል። አጨዋወቱ ዛሬም «ኮተን ፒኪንግ» እየተባለ በስማቸው ይጠራል።

ይህ በድምፁ ላይ ያመጣውን ለውጥ በጆሮ መለየት ይቻላል። አውራ ጣት ብርቱ ነው፣ ሥጋውም ወፈር ይላል፤ ስለዚህ የኮተን ዜማ ሞልቶና ጠርቶ ይወጣል፣ ባሱ ደግሞ ሳይጫነው ከሥሩ ይራመዳል። በተለመደው አያያዝ የሚጫወት ተማሪ የሚገጥመው ችግር የዚህ ተቃራኒ ነው። አውራ ጣቱ ባሱን ሲደበድብ ዜማው ይዋጣል። መፍትሔው ጣቶቹን ማጠንከር ሳይሆን አውራ ጣቱን ማለዘብ ነው።

ታዋቂውን «ፍሬይት ትሬን» (የዕቃ ባቡር) እንውሰድ። ኮርዶቹ (ባንድ ላይ የሚያዙት ድምፆች) በሲ ሲጀመሩ ሲ፣ ጂ ሰባት፣ ሲ፣ ከዚያ ኢ፣ ኤፍ፣ ሲ፣ ጂ ሰባት፣ ሲ ናቸው፤ በድምሩ 16 ባር፣ በያንዳንዱ አራት ምት። በሲ ላይ ባሱ በአምስተኛውና በአራተኛው ክር፣ በኢ ላይ በስድስተኛውና በአራተኛው ይመላለሳል። አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው ከኢ ወደ ኤፍ ሲሻገር ነው። ጣቶቹን በሙሉ ባንድ ጊዜ ያነሣና አንድ የባስ ምት ይጥላል፤ አንድ ምት ከወደቀ ደግሞ ባቡሩ ቆመ ማለት ነው። ሌላው ስህተት ኤፍን በሌባ ጣት ስድስቱንም ክር ደፍኖ መያዝ ነው። እንዲህ ሲያዝ ትንሿ ጣት ለዜማው ነፃ ሆና አትንቀሳቀስም፤ አራቱን ቀጫጭን ክሮች ብቻ ይዞ ስድስተኛውን በአንገቱ በላይ በሚመጣ የግራ እጅ አውራ ጣት መጫን ይሻላል። ከሁሉ በፊት ግን ባሱን ብቻ 16ቱንም ባር ያለ ማቋረጥ መጫወት፣ ቀጥሎ ከምቱ ጋር እኩል የሚወድቁትን የዜማ ድምፆች መጨመር፣ በምትና በምት መካከል የሚገቡትን ለመጨረሻ መተው ያስፈልጋል። ቅደም ተከተሉን የዘለለ ሰው እጁ ባስና ዜማን ለይቶ ማንቀሳቀስ ሳይለምድ ይቀራል።

ልማዱ የመጣው ከልጅነት ነው። ኮተን እ.ኤ.አ. በ1893 በሰሜን ካሮላይና፣ በቻፕል ሂል አጠገብ ዛሬ ካርቦሮ በሚባለው ስፍራ ተወለዱ። መጀመሪያ የነኩት የታላቅ ወንድማቸውን ባንጆ ነበር፤ የሰው ዕቃ በመሆኑ ክሩን ፈትቶ ማሰር አይታሰብም። በኋላ በሰው ቤት እየሠሩ፣ በወር 75 ሳንቲም እያገኙ፣ በ3 ዶላር ከ75 ሳንቲም ስቴላ የተባለ ጊታር ገዙ። በዚያ ደመወዝ የአምስት ወር ሙሉ ልፋት ነው። «ፍሬይት ትሬን»ንም የደረሱት ገና በልጅነታቸው ነው። ካገቡና ለቤተ ክርስቲያን ሕይወት ካደሩ በኋላ ጊታሩን ለረጅም ዓመታት ተዉት።

ጽሑፋችሁ ሴገሮች የተባሉት የሙዚቀኞች ቤተሰብ «አገኟቸው» ይላል። በ1940ዎቹ መጨረሻ ኮተን በዋሽንግተን ዲሲ በአንድ ትልቅ መደብር ሲሠሩ የጠፋችውን ትንሿን ፔጊ ሴገርን ለእናቷ ለሙዚቃ ደራሲዋ ሩት ክሮፎርድ ሴገር መለሱ። ከዚያም ብዙ ሐበሻ ዛሬ ከሚኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ፣ ቼቪ ቼዝ በሚገኘው ቤታቸው በቤት ሠራተኛነት ተቀጠሩ። በቤቱ የተሰቀለውን ጊታር አንሥተው ሲጫወቱ ልጆቹ ሰሟቸው፤ ከልጆቹ አንዱ ማይክ ሴገርም በቴፕ ቀዳቸው። ለሴገሮች ምስጋና ይገባል። ቢሆንም ዘፈኑ ያን ጊዜ ከ40 ዓመት በላይ ዕድሜ ነበረው፤ አጨዋወቱንም ያስተማራቸው የለም።

ይበልጥ ያሳዘነን ዘፈኑን «የሕዝብ ዜማ» ማለታችሁ ነው። ፔጊ ወደ እንግሊዝ ሄዳ ስትዘፍነው ሌሎች ሰሙት፤ በአንድ የብሪታንያ ቡድን ተቀድቶ በ1957 ሲወደድ በደራሲነት የተመዘገበው የሌሎች ሰዎች ስም ነበር። የኮተን የመጀመሪያ አልበም በፎክዌይስ የሙዚቃ አሳታሚ የወጣው በ1958 ስለሆነ ብዙ ሰው ዘፈኑን ያወቀው ደራሲዋን ሳያውቅ ነው። የደራሲነት መብታቸው የታወቀው ከክርክር በኋላ ነው። ያንን ስም «የሕዝብ» ብሎ መልሶ መደምሰስ አይገባም።

ከ60 ዓመታቸው በኋላ የጀመሩትን የመድረክ ሕይወት ከቤት ሠራተኝነት ጎን ለጎን ይዘው ዘለቁ። በ1967 በወጣው ሁለተኛ አልበማቸው የርዕሱን ዘፈን የልጅ ልጃቸው ልጅ ዘፍናዋለች። በ1984 ብሔራዊ የቅርስ ሽልማት፣ በ1985 ግራሚ ተቀበሉ። እ.ኤ.አ. ጁን 29 ቀን 1987 በሲራኪዩስ ኒውዮርክ አረፉ፤ በ2022 የሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ በቀደምት ፈር ቀዳጅነት መዘገባቸው።

ስለዚህ ሁለት እርማት እንጠይቃለን። በዘፈኑ ስም ሥር «ግጥምና ዜማ፦ ኤልዛቤት ኮተን» ተብሎ ይጻፍ። ፎቶም ስታወጡ ለገጹ እንዲመች ብላችሁ አትገልብጡት፤ በትክክለኛው ፎቶ የጊታሩ አንገት ወደ ተመልካቹ ግራ ያመለክታል፣ ወፍራሙ ክርም ከታች ነው። አንገቱ ወደ ቀኝ ካመለከተ ምስሉ ተገልብጧል።

ከአክብሮት ጋር
የጊታር መምህራን፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ