«የማን ልጅ ናት?» ላልሽኝ

እማዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኛ ደህና ነን። ሞንትሪያል ገና በረዶ ላይ ናት።

ስንጋባ ስለ ባለቤቴ «የማን ልጅ ናት?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። የአባቷን ስም ነግሬሽ ዝም አልኩ። አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሰባት ቤቱን ሲቆጥር እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ለሚስቴ ግን ከአንድ ቤት በላይ መቁጠር አቃተኝ። ዘንድሮ የብርዱን ወራት አብረን ቁጭ ብለን ፈለግን።

አሁን ልመልስልሽ። እናቷን፣ የእናቷን እናት እያልን ወደ ላይ ስንወጣ፣ አስራ አንድ ሴት ቆጥረን አንዲት ስደተኛ ላይ ደረስን። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1669 ከፈረንሳይ በመርከብ መጥታለች። ያኔ አገሩ ኑቬል ፍራንስ የሚባል የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ነበር። ወንዱ በዝቶ ሴቱ ስላነሰ፣ ንጉሡ ሉዊ 14ኛ ከ1663 እስከ 1673 ድረስ 800 የሚጠጉ ሴቶችን ወጪያቸውን ችሎ ላከ። «የንጉሥ ልጆች» ይሏቸዋል። ብዙዎቹ ወላጅ የሞተባቸው ድሆች ነበሩ። ውቅያኖስ ተሻግረው የማያውቁትን ሰው አገቡ። አንቺም አባዬን ያየሽው በሠርግሽ ቀን ነውና፣ የእሷ ነገር ከእኔ ይልቅ ላንቺ ይገባሻል።

ይህን ሁሉ ያገኘነው ከቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው። ቄሶቹ ጥምቀቱን፣ ጋብቻውን፣ ቀብሩን ጽፈው አስቀምጠዋል። ሕፃን ሲጠመቅ አባቱ፣ እናቱ፣ የክርስትና አባትና እናቱ በስም ይጻፋሉ። ሴቷ ደግሞ ብታገባም በአባቷ ስም ነው የምትጻፈው፣ ልክ እንደኛ አገር። ባይሆን ኖሮ ያቺን ሴት ከየት እናገኛት ነበር? የዘመድ ጋብቻም ይከለከል ነበር። ሰባት ቤት ባይደርስም እስከ አራተኛው ደረጃ ድረስ።

ባሏ ወታደር ነበር። ወታደሮቹ ቅጽል ስም ነበራቸው፤ «ላፍለር» አበባው፣ «ሳንሱሲ» ሐሳብ የለሽ። የኛ ነገሥታት «አባ ታጠቅ»፣ «አባ ዳኘው» እንደሚባሉት ማለት ነው። አንዳንዱ ቤተሰብ በቅጽሉ ቀርቶ ዋናው ስም ተረሳ። በዚህ የተነሳ ሁለት ሳምንት ሙሉ የሌላ ሰው ዘር ስንከተል ከረምን።

አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። እዚያው መዝገብ ላይ በባርነት የተያዙ ሰዎችም ሲጠመቁ ተጽፈዋል። የታሪክ ጸሐፊው ማርሴል ትሩዴል ከ4,000 በላይ ሰው ቆጥሯል። አብዛኞቹ የአገሩ ነባር ሕዝቦች፣ የቀሩት ጥቁሮች ናቸው። የጌታቸው ስም አለ፤ የወላጆቻቸው ግን ብዙ ጊዜ የለም። ከአፍሪካ መጥተው እዚህ በባርነት ከኖሩት በስም የሚታወቀው የመጀመሪያው ኦሊቪየ ለ ዠን የሚባል ልጅ ነው። በ1633 ኬቤክ ውስጥ ተጠመቀ። ስሙ ከአንድ ጸሐፊና ካስተማረው ቄስ የተወሰደ ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም አይታወቅም። ይህን ሳነብ ልጄ ጭኔ ላይ ተቀምጣ ነበር። እማዬ፣ አለቀስኩ።

እንግዲህ የልጅ ልጅሽ በእናቷ ወገን ይህን ሁሉ ሴት ትቆጥራለች። በእኔ ወገን አንቺ ላይ ትቆማለች። እኔም ከእናትሽ አላልፍም። አባዬ የሚቆጥረው ወንዶቹን ብቻ ነበር።

በ1640 የኬቤክ ቤተ ክርስቲያን ተቃጥሎ መዝገቡ አመድ ሲሆን፣ ከሰው ትዝታ መልሰው ጻፉት። እኛም እንደዚያው እናድርግ። እሁድ ስደውል የእናትሽን እናት ስም ንገሪኝ። የእሷንም እናት ካወቅሽ ጨምሪልኝ። የት ተወለደች? የክርስትና ስሟ ማን ነበር? ማን አሳደጋት? የረሳሽውን እትዬን ጠይቂልኝ። ልጄ ደብተር አዘጋጅታለች። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስምሽን በአማርኛ፣ በራሷ እጅ ጽፋዋለች። ከስምሽ በላይ ያለውን ቦታ ክፍት ትታዋለች።

ልጅሽ