1099-አር ሳይቀርብ ታክስ ፋይል አናደርግም ያልንበትን ምክንያት ለማስረዳት ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፤

ባለፉት ሦስት ቅዳሜዎች ጉዳያችሁ ሳያልቅ ከሲልቨር ስፕሪንግ ቢሮአችን የተመለሳችሁ ደንበኞች እንደተቀየማችሁብን ሰምተናል። ገሚሶቻችሁ በስልክ፣ ገሚሶቻችሁ በሰው በኩል ነገራችሁን፤ አንድ አባት ደግሞ ፊት ለፊት «ሀበሻ በሀበሻ ላይ እንዲህ አይጨክንም» አሉን። አዲሱን አሠራር አስቀድመን ሳናስታውቃችሁ ከባልቲሞርና ከውድብሪጅ ድረስ ሥራችሁን ትታችሁ እንድትመጡ ማድረጋችን ጥፋታችን ነውና ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔውን ግን አንለውጠውም፤ ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ እንድጽፍላችሁ ፍቀዱልኝ።

ውሳኔው ይህ ነው፦ በዓመቱ ውስጥ ከ401ኬ (በመሥሪያ ቤት በኩል ከሚቆጠብበት የጡረታ ሒሳብ)፣ ከአይ.አር.ኤ. (ከግል የጡረታ ሒሳብ) ወይም ከሌላ የጡረታ ሒሳብ ገንዘብ ያወጣ ደንበኛ፣ የወጣውንና የተቆረጠውን ገንዘብ የሚያሳየውን 1099-አር የተባለውን ወረቀት ካላቀረበ ታክሱን ፋይል አናደርግም። ምንም አላወጣሁም የሚል ደንበኛም ይህንኑ በፊርማው ያረጋግጥልናል። ይህ ወረቀት ላለበት ሥራ ደግሞ 45 ዶላር ጨምረናል።

እዚህ ውሳኔ ላይ ያደረሰን የአንዲት ነባር ደንበኛችን ጉዳይ ነው። የሆቴል ሥራዋን ስትለቅ ከ401ኬ ሒሳቧ 20,000 ዶላር አወጣች። በእንዲህ ያለ ክፍያ ላይ ከፋዩ 20 በመቶ ቆርጦ ለመንግሥት እንዲያስገባ ሕግ ስለሚያስገድደው እጇ የገባው 16,000 ዶላር ብቻ ነበር። ታክሱ እዚያው ተቆርጦ ያለቀ መስሏት አልነገረችንም፤ እኛም አልጠየቅናትም። ወረቀቱ የተላከው ወደ ቀድሞ አድራሻዋ ስለነበር አልደረሳትም፤ የዓመት ደመወዟን በሚያሳየው ደብሊው-2 ብቻ ሠራንላትና ሪፈንዷን (የታክስ ተመላሿን) ወሰደች። ከዓመት በላይ ቆይቶ ያላሳወቀችው ገቢ እንዳለ የሚገልጸው፣ ሲፒ 2000 የሚባለው የአይ.አር.ኤስ. (የፌዴራል ታክስ መሥሪያ ቤቱ) ደብዳቤ መጣባት። ፖስታውን ፈርታ ሳትከፍተው ሁለት ሳምንት ማይክሮዌቩ ላይ አስቀምጣው ኖሮ፣ ወደ እኔ ስታመጣው ጥጉ ላይ ቡና ፈስሶበት ነበር፤ መልስ ለመስጠት ከተፈቀዱላት 30 ቀናትም ግማሹ አልፏል።

ሒሳቡን አብረን አየነው። የገቢዋ የላይኛው ክፍል 22 በመቶ በሚታሰብበት ደረጃ ላይ ስለነበር በ20,000ው ላይ 4,400 ዶላር መደበኛ ታክስ መጣባት። ዕድሜዋ ከ59 ዓመት ተኩል በታች በመሆኑ ደግሞ ብዙዎቻችሁ «ቅጣት» የምትሉት 10 በመቶ፣ ማለትም 2,000 ዶላር ተጨመረ፤ በድምሩ 6,400 ሆነ። የተቆረጠው 4,000 ሲቀነስ 2,400 ዶላር ዕዳ ቀረባት፤ በዚያ ላይ ወለድ አለ፣ የሜሪላንድ ግዛትም የራሱን ድርሻ ጠየቀ። የማስተካከያውን ሥራ ያለ ክፍያ ሠራንላት፤ ወለዱንም ከኪሴ ከፈልኩ። ይህን የምጽፈው ውለታ ለመቁጠር አይደለም፤ «ገንዘብ ወዳድ ሆናችሁ» ስለተባልን እንጂ።

በየዓመቱ የምንሰማቸው ሁለት አባባሎችም አሉ። የመጀመሪያው «ለችግሬ ነው ያወጣሁት» የሚለው ነው። ችግር መኖሩ መሥሪያ ቤታችሁ ገንዘቡን እንዲለቅላችሁ ያደርግ ይሆናል እንጂ ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ 10 በመቶውን አያስቀርም፤ አዲስ አበባ ለጀመራችሁት ቤት ከ401ኬ ብታወጡም እንዲሁ ነው። ሁለተኛው «ያኔ ቅጣት አልነበረም» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ በ2020 በኮሮና ለተጎዱ ሰዎች እስከ 100,000 ዶላር ያለ 10 በመቶው እንዲያወጡና ገቢውን በሦስት ዓመት ከፋፍለው እንዲያሳዩ ተፈቅዶ ነበር፤ ያ ፈቃድ ግን ከዓመቱ ጋር አብቅቷል። የወጣው ገንዘብ ገቢ ላይ ስለሚደመር፣ በማርኬትፕሌስ (በመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ ገበያ) በኩል ኢንሹራንስ የገዛችሁ የታክሲና የኡበር ሾፌሮች ለኢንሹራንሱ ክፍያ የተደረገላችሁን የመንግሥት ድጋፍ በከፊል ወይም በሙሉ እንድትመልሱ ልትጠየቁም ትችላላችሁ። ይህን በኤፕሪል ከእኛ መስማት ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ወረቀቱን የምንፈልገው ለመንግሥት ስለምንቆም አይደለም። ወረቀቱ ላይ በሳጥን 7 ውስጥ የምትቀመጠው አንዲት ፊደል ወይም ቁጥር የእናንተን ገንዘብ ልታድን ትችላለች። አምና አንድ ደንበኛችን በ56 ዓመታቸው ሥራቸውን ለቅቀው ከዚያው መሥሪያ ቤት 401ኬ ገንዘብ ሲያወጡ ከፋዩ ኮድ 1 ጽፎባቸው ነበር፤ ያለጊዜው የወጣ ማለት ነው። ሥራ የለቀቁበትን ቀን ጠየቅናቸው። 55 ዓመት በሞላበት ዓመት ወይም ከዚያ በኋላ ሥራ ለለቀቀ ሰው ከዚያ መሥሪያ ቤት ሒሳብ የሚወጣ ገንዘብ ከ10 በመቶው ነፃ ስለሆነ፣ ይህን ነፃነት የምናሳውቅበትን ፎርም 5329 ሞልተን 1,800 ዶላር አስቀረንላቸው። ያንኑ ገንዘብ መጀመሪያ ወደ አይ.አር.ኤ. አዛውረውት ቢሆን ኖሮ ይህ መብት ባልኖራቸው ነበር። ሳጥኑ ውስጥ ጂ ከተጻፈ ደግሞ ገንዘቡ በቀጥታ ወደ ሌላ ሒሳብ ተዛውሯል ማለት ነው፤ ታክስ ባይኖርበትም ቅጹ ላይ መታየት አለበት። ቼኩ በእጃችሁ ከገባ ገንዘቡን ወደ ጡረታ ሒሳብ ለመመለስ 60 ቀን አላችሁ፤ ነገር ግን ታክሱ ሙሉ በሙሉ እንዲቀር፣ በሆቴል ሠራተኛዋ ምሳሌ ብናየው፣ 16,000ውን ሳይሆን ሙሉውን 20,000 መመለስ ያስፈልጋል፤ የጎደለውን 4,000 ለጊዜው ከኪሳችሁ ትሞላላችሁ ማለት ነው። ይህን ሁሉ በግምት መሥራት አይቻልም።

«ሌላው ታክስ ሠሪ ምንም አልጠየቀኝም» ላላችሁን ደንበኞች፦ የሠራላችሁ ሰው የራሱን ስምና የምዝገባ ቁጥር አስፍሮ መፈረሙን ቅጹ ላይ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ክፍያ ተቀብሎ የሚሠራ ሰው መፈረም ግዴታው ነው። እኔ እፈርማለሁ። እያወቅሁ ገቢ ብሸፍን በእኔም ላይ በአንድ ቅጽ ቢያንስ 5,000 ዶላር ቅጣት አለ፤ ከቅጣቱም በላይ ይህች ቢሮ ትዘጋለች።

ይህችን ቢሮ በ2009 የጀመርኩት ሌሊት ፓርኪንግ እየሠራሁ፣ ቀን በወንድሜ ቤት ቤዝመንት አንድ ላፕቶፕ ይዤ ነው። በዚያ ክረምት የመጡት የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ደንበኞች ስማቸው እስካሁን በመጀመሪያው ደብተሬ ላይ አለ፤ ሰባቱ ዛሬም ከእኛ ጋር ናቸው። እናንተን የማውቃችሁ በደብሊው-2 ብቻ አይደለም። አራስ ሆናችሁ መጥታችኋል፣ ሐዘን ላይ ሆናችሁ መጥታችኋል፤ ሰነዳችሁን በእንጀራ ከረጢት ይዛችሁ የመጣችሁም አላችሁ፣ እንጀራው ጭምር ለእኔ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ዋጋ ሳንጨምር የቆየነውም ለዚህ ነው። አሁን የቤት ኪራዩ ጨምሯል፣ የሶፍትዌሩ ክፍያ ጨምሯል፣ የሥራ ስህተት ኢንሹራንሱም እንዲሁ፤ አንድ 1099-አር በትክክል ሲሠራ ደግሞ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ከሰነዳችሁ ላይ ዓይናችንን ጨፍነን ዋጋውን ማርከስ እንችል ነበር፤ አላደረግነውም።

ከደጃችን ለተመለሳችሁ ሁሉ የ45 ዶላሩን ጭማሪ ዘንድሮ አንጠይቅም። ወረቀቱ ከጠፋባችሁ ሒሳቡን ወደያዘው ድርጅት ደውሉ፤ አብዛኞቹ በድረ ገጻቸውም ይሰጣሉ፤ እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ ከቢሮአችን ሆነን አብረናችሁ እንደውላለን። እስከ ኤፕሪል 15 ካልደረሰ ማራዘሚያ እስከ ኦክቶበር 15 እናስገባላችኋለን፤ ማራዘሚያው ቅጹን እንጂ ክፍያውን አያራዝምምና የምትከፍሉትን ገምተን በጊዜው እንድትልኩ እናደርጋለን። እስከ ኤፕሪል 15 ድረስ እሑድ ከሰዓት በኋላም ክፍት ነን። ስማችሁ ወረፋው ላይ በነበረበት ቦታ አለ፤ አልሰረዝነውም።

ከአክብሮት ጋር፣
የቢሮው ባለቤት