ስዊትዋተር በአንድ መስመር አይታለፍም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው ሳምንት በ1950 ኤንቢኤ፣ ማለትም ትልቁ የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ስለገቡት ጥቁር ተጫዋቾች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ቸክ ኩፐር በቦስተኑ ቡድን በሴልቲክስ መመረጡን፣ ኧርል ሎይድ ኦክቶበር 31 ከሁሉም ቀድሞ ሜዳ መግባቱን ጥሩ አድርጋችሁ ጽፋችኋል። ሦስተኛውን፣ የኒውዮርክ ኒክሱን ናት ክሊፍተንን፣ ግን በአንድ መስመር አለፋችሁት። ቅር ብሎኛል።

እኔ ቺካጎ ውስጥ ታክሲ እነዳለሁ። እሱም ይነዳ ነበር።

አርካንሳስ ተወልዶ ያደገው እዚሁ ቺካጎ ነው። «ስዊትዋተር» የተባለው ልጅ ሆኖ ለስላሳ ስለሚወድ ነው። መግዣ ሲጠፋ ውሃ በስኳር በጥብጦ ይጠጣ ነበር ይባላል። እኛም ቤት እንደዚያ ነበር። ይህን ሳነብ ሰውየውን ወዲያው ወደድኩት።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመለስ ትልቁ በር ለጥቁሮች ዝግ ነበር። ስለዚህ በጥቁሮች ቡድን፣ በኒውዮርክ ሬንስ፣ ከዚያም በሃርለም ግሎብትሮተርስ ተጫወተ። ሙቀቱ ሲገባ ደግሞ ቤዝቦል ነው፤ ቦታው አንደኛ ቤዝ። ጃኪ ሮቢንሰን በ1947 ጥቁሮችን ያገደውን የቤዝቦል አጥር ካፈረሰ በኋላ፣ ክሊፍተን በክሊቭላንድ ኢንዲያንስ ሥር ባሉ የታችኛው ሊግ ቡድኖች ተሰልፏል። ሁለት ስፖርት እኩል የሚፈልገው ሰው ስንት አለ?

ኒክስ ሲያስፈርመው 28 ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ጉልበቱ የሚበረታበትን ዕድሜ ሌሎች በልተውበታል። እንዲያም ሆኖ ሰባት ዓመት ተጫወተላቸው። ከ1951 እስከ 1953 ሦስቴ በተከታታይ ለፍጻሜ ሲደርሱ አብሯቸው ነበር። በ1957፣ በ34 ዓመቱ፣ የሊጉ ምርጦች ለሚገጥሙበት ለኦል ስታር ጨዋታ ተመረጠ። ይህ ሁሉ ሲሆን ጥቁር የማያሳድሩ ሆቴሎች የሞሉበት ዘመን ነው።

ኳስ ሲያቆም ወደ ቺካጎ ተመልሶ ታክሲ ያዘ። ብዙ ዓመት ነዳ። ኦገስት 31 ቀን 1990፣ በ67 ዓመቱ፣ ዩኒየን ስቴሽን ባቡር ጣቢያ ደጃፍ ታክሲው ውስጥ እንዳለ ልቡ ቆመ። የቅርጫት ኳስ የክብር መዝገብ ስሙን ያሰፈረው በ2014 ነው። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ምን ሲጠብቁ ነበር?

እዚያ ጣቢያ ፊት እኔም ተራ እይዛለሁ። ባለፈው ከኋላዬ የቆመ ሐበሻ ልጅ፣ ሌሊቱን ኤንቢኤ ሲያይ የሚያድር፣ ታሪኩን ስነግረው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «እዚሁ? እዚሁ እኛ የቆምንበት?» አለኝ። ስሙን አስደግሞኝ ስልኩ ላይ ጻፈው።

እባካችሁ የክሊፍተንን ታሪክ ለብቻው፣ ሙሉውን አውጡልን። ሲወጣ ልልክለት ቃል ገብቻለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከቺካጎ