ልጄ ኪኒኑን ዋጠ፣ ውሃው ግን ያው ነው

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ባህር ዳር ባጃጅ ነድቼ የምተዳደር ሰው ነኝ፣ ቤታችን ከጣና ዳር በእግር አስር ደቂቃ አይሞላም። ስለ እምቦጭ ብዙ ትፅፋላችሁ፣ እናመሰግናለን፣ ግን ሁሌ የሚነሳው የዓሳው፣ የቱሪስቱና የሀይቁ ነገር ነው እንጂ ውሃው ውስጥ በየቀኑ ገብቶ የሚወጣው ሰው ጤና ሲነሳ ብዙም አላይም፣ ለዛ ነው የምፅፍላችሁ።

መሀለኛው ልጄ 11 አመቱ ነው። አምና ጥር ላይ ሆዴን ሆዴን ማለት አበዛ፣ ያስቀምጠዋል፣ እኛ አሜባ መስሎን እናቱ ፌጦ በሎሚ አድርጋ ሰጠችው፣ ትንሽ ተሻለው ስንል ሰገራው ላይ ደም አይቶ ራሱ ፈርቶ ነገረን። ሲመረመር ብልሃርዚያ ተባለ። ፕራዚኳንቴል የሚባለውን ኪኒን በኪሎው ልክ ሰጡት፣ በአንድ ቀን ነው የሚዋጠው፣ ዳነ። ከዛ ግንቦት ሙቀቱ ሲብስ ከጓደኞቹ ጋር እዛው የሚዋኙበት ቦታ ተመለሰ፣ መስከረም ላይ ስናስመረምረው ድጋሚ ተገኘበት። ተቆጥቼዋለሁ፣ ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ጣና ዳር የተወለደን ልጅ ውሃ አትንካ ብሎ ማሳደግ ይቻላል ወይ? እኔም ዋና የተማርኩት እዛው ነው።

ሁለተኛውን ኪኒን የሰጠችን ነርስ፣ እግዜር ይስጣትና፣ ቁጭ አድርጋ አስረዳችን። እንቁላሉ ከታመመ ሰው ሰገራ ጋር ይወጣል፣ ዝናብና ቦይ ወደ ሀይቁ ያወርደዋል፣ እዛ ይፈለፈልና ትንንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፣ ከዛ በዓይን የማይታይ ሆኖ ይወጣና የሰው ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ውሃውን መጠጣት አያስፈልግም፣ እግርህን ከነከርክ በቂ ነው። ከቀንድ አውጣው በብዛት የሚወጣው ደሞ ፀሐይ ሲበረታ፣ ከረፋዱ አራት ሰአት እስከ ስምንት ሰአት ገደማ ነው አለችን፣ እኔ ይሄን ስሰማ ነው የደነገጥኩት፣ ምክንያቱም ልጆቹ የሚዋኙት እናቶች ልብስ የሚያጥቡት በዚችው ሰአት ነው። ኪኒኑም ቢሆን ያደገውን ትል ይገድላል እንጂ ነገ የሚገባውን አይከለክልም።

ቀንድ አውጣው የሚወደው ጠርዝ ላይ ውሃው ዝግ ብሎ ቅጠል የበዛበትን ቦታ ነው። እምቦጭ ጣና ላይ መኖሩ በይፋ ከታወቀ ከ2004 ዓ.ም አካባቢ ወዲህ ደሞ እንዲህ አይነት ጠርዝ በዝቷል፣ ስሩ ውስጥ ቀንድ አውጣው ይጠለላል፣ ለትንኝም ይመቻል። በ2013 ጥቅምት ዘመቻው ጊዜ ከባጃጅ ጓደኞቼ ጋር እኔም ሄጄ ነበር፣ ወገባችን ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመን በእጃችን ነው የነቀልነው፣ አብዛኛው ሰው ቦቲም ጓንትም አልነበረውም፣ ስለ ብልሃርዚያ አንድ ቃል የነገረን ሰውም አልነበረም። ዳር ላይ የከመርነው ደሞ ዝናብ ሲመጣ ተመልሶ ውሃ ውስጥ ሲገባ አይቻለሁ። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ብዙ አመት ተቀብሮ እንደሚቆይ የሰማሁት በኋላ ነው።

ልጄ ድጋሚ ሲታመም አንድ መስሪያ ቤት ሄጄ ልጆች የሚዋኙበት ቦታ ይታይልን ብዬ ጠየኩ፣ ይሄ የጤና ጉዳይ ነው አሉኝ። ጤናው ጋ ስሄድ ውሃው የአካባቢ ጥበቃ ነው አሉኝ። በክፋት አይደለም፣ በትህትና ነው ያናገሩኝ፣ ግን ነገሩ ለሁለት ተከፍሏል፣ ኪኒኑ አንድ ቤት ነው ውሃው ሌላ ቤት፣ ልጁ ግን አንድ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ላይ ሁሉም ሰው ንፁህና ጤናማ አካባቢ ውስጥ የመኖር መብት አለው ይላል፣ እና ይሄ ለየትኛው ቤት ነው የተፃፈው?

የምለምነው ትልቅ ፕሮጀክት አይደለም። የክልላችን የአካባቢ ጥበቃና የጤና ሰዎች አንድ ላይ ወጥተው ሰው የሚዋኝበትንና የሚያጥብበትን ቦታ ቀንድ አውጣውን ይመርምሩልን፣ ውጤቱን እዛው ዳር ላይ ታፔላ ላይ በአማርኛ፣ ማንበብ ለማይችልም በስዕል፣ ከነቀኑ ይለጥፉልን። እምቦጩንም መጀመሪያ ሰው ከሚገባበት ጠርዝ ያንሱ፣ ክምሩንም በመኪና ያርቁት። ከሁሉ በላይ ሽንት ቤት። ዓሳ አጥማጁ ሌሊት ወጥቶ ጠዋት ሲመለስ፣ ደንገል አጫጁ ቀኑን ሙሉ እዛ ሲውል የት ይውጣ? እሱ ሳይስተካከል ለልጆቻችን በየትምህርት ቤቱ ኪኒን ማደል ያው መልሶ መላልሶ ነው። እኔም ድሮ ባጃጄን ሀይቁ ዳር ነበር የማጥበው፣ ዘይቱ ውሃው ላይ ሲዘረጋ እያየሁ፣ አሁን ትቻለሁ።

ለታፔላው ብረት ካስቸገረ ሰፈራችን ውስጥ የሚበይድ ልጅ አለ፣ አናግሬው በነፃ እሰራለሁ ብሏል፣ ጉድጓዱን እኔና ጓደኞቼ እንቆፍራለን። ምን ተብሎ እንደሚፃፍበት ብቻ ይንገሩን።

አንድ አባት፣ ከባህር ዳር